ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው

የምኖርበት ሕንፃ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ከተማዋ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ስለምታዘቀዝቅ አብዛኛው ፍሳሽ ያለ ማንም እርዳታ ቁልቁል ይወርዳል። ከመንገዱ ቱቦ በታች የተሠራ ሽንት ቤት ግን ሽቅብ የሚገፋለት ይፈልጋል። በእኛ ሕንፃ ምድር ቤት ጥግ ላይ ለዚሁ የተቆፈረ፣ በብረት ክዳን የተዘጋ ጉድጓድ አለ፤ ውስጡ ሁለት ፓምፖች ተነክረዋል። ባለፈው ነሐሴ አንድ ሌሊት ጉድጓዱ ሞልቶ ፈሰሰ። ጠዋት መኪናውን ሊያወጣ የወረደው ጎረቤታችን ያየውን እዚህ አልጽፈውም።

የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝና ጥገናውን የመከታተል ዕዳ እኔ ላይ ወደቀ። የመጀመሪያው ባለሙያ መጥቶ አይቶ «ምንም የለውም» ብሎ ሄደ። ሁለተኛው «ፍሎቱን ዳይሬክት እናድርገው» አለ፤ ፍሎት ውሃው ከፍ ሲል ፓምፑን የሚያስነሳ ተንሳፋፊ ማብሪያ ነው። ሦስተኛው ዕድሜያቸውን በፋብሪካ ሞተርና በፓምፕ ጣቢያ የጨረሱ አረጋዊ ኤሌክትሪሺያን ናቸው። ሁሉም «ጋሼ» ይሏቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። የሚከተለው በሁለት ቀን ሥራ መካከል የተነጋገርነው ነው።

ጋሼ፦ መጀመሪያ አንድ ጓጉንቸር ቁልፍ ፈልግልኝ።

እኔ፦ ጓጉንቸር? ዘበኛ እኮ አለን ጋሼ፤ የሚሰርቅ የለም።

ጋሼ፦ ሌባ መች አሰጋኝ። እኔ እጄን ሽቦ ውስጥ ከትቼ ሳለ አንዱ ቸር ጎረቤትህ ይመጣና «ማን ነው ያጠፋው?» ብሎ ብሬከሩን ያነሳዋል። እኔ አጥፍቼ ማጥፊያው ላይ ጓጉንቸር አንጠለጥላለሁ፤ ቁልፉ ኪሴ ይገባል። ትርፍ ቁልፉም አንተ ጋ አይቀርም፤ እሱንም ስጠኝ።

እኔ፦ አንዴ ከጠፋ ጠፋ አይደል እንዴ?

ጋሼ፦ ጄነሬተራችሁ በራሱ ነው የሚነሳው?

እኔ፦ አዎ፤ መብራት በሄደ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ።

ጋሼ፦ እንግዲያስ «መብራት የለም» ብሎ ፓኔል መክፈት እናንተ ቤት አይሠራም። ደግሞ ይሄ ፓምፕ የሰው እጅ አይጠብቅም፤ ውሃው ከፍ ባለ ሰዓት ራሱ ይነሳል። ቆሞ ስታየው የጠፋ ይመስልሃል፤ እሱ ግን ተራውን እየጠበቀ ነው። ስለዚህ ከቆለፍኩም በኋላ አላምነውም። ቴስተሬን መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው በማውቀው ቦታ እሞክረዋለሁ። ከዚያ የምሠራበትን እለካለሁ፤ ሦስቱን ፌዝ እርስ በርሳቸው፣ ደግሞም እያንዳንዱን ከኒውትራልና ከኧርዝ ጋር። ከዚያ ተመልሼ ቴስተሩን ያው የማውቀው ቦታ ላይ እንደገና እሞክረዋለሁ።

እኔ፦ ሁለተኛው ሙከራ ለምን አስፈለገ?

ጋሼ፦ ባትሪው መሀል ላይ ቢያልቅበትስ? የሞተ ቴስተር ሽቦ ሁሉ የሞተ ነው ይልሃል።

ይህን እያሉኝ እኔ የጉድጓዱን ክዳን ለማንሳት ጎንበስ ብዬ ነበር።

ጋሼ፦ ተው! ቀና በል። እዚያ ላይ ጎንበስ አይባልም።

እኔ፦ ሽታው ከሆነ ለምጄዋለሁ።

ጋሼ፦ መልመድህ ነው የሚያስፈራኝ። እታች ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ አለ። እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ተንኮሉ ትንሹ በደንብ ይሸትሃል፣ ብዙው አይሸትህም። ከሚሊዮን እጅ አየር 100 እጅ ገደማ ሲደርስ አፍንጫህ ይደነዝዛል፤ አንተ «ሽታው ለቀቀ» ብለህ ትገባለህ። ከ500 ሲያልፍ በደቂቃዎች ውስጥ ራስህን ትስታለህ፤ ወደ 1,000 ሲጠጋ አንድ ሁለት ትንፋሽ ይበቃል። ሚቴንም አብሮ አለ። እሱ ጭራሽ አይሸትም፤ ከአየሩ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲይዝ ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል።

እኔ፦ ፓምፑን የተከለው ሰው እኮ በገመድ ታስሮ ወርዶ ነበር።

ጋሼ፦ ዕድለኛ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሁለተኛው ሰው ነው። አንዱ ሲወድቅ ጓደኛው ላወጣው ብሎ ይወርዳል፤ እሱም እዚያው ይቀራል። መውረድ የግድ ከሆነ የጋዝ መለኪያ፣ ንጹሕ አየር የሚነፋ ማራገቢያ፣ ከላይ የሚጎትት ማሰሪያና ሥራውን የሠለጠነ ጠባቂ ያስፈልጋል። ምድር ቤት ውስጥ ያለ ጉድጓድ ሲሆን ደግሞ ክዳኑን ስትከፍት ጋዙ ወደ ክፍሉ ስለሚወጣ፣ መለኪያው ደረት ላይ ሳይሰካ ክዳን አይነሳም። እኔ ግን ሥራዬን የምመዝነው በሌላ ነው። ደህና የተዘረጋ የፓምፕ ኤሌክትሪክ ለምንም ነገር ቢሆን ሰው ወደ ታች የማያስወርድ ነው። አሁን አንድ በአንድ እነግርሃለሁ፤ ሰው የሚያስወርደውን እንፈልግ።

ማራገቢያው ነፋ፤ መለኪያቸው ዝም አለ፤ ክዳኑ ተነሳ። ከሩቅ በባትሪ አበሩ። ከግድግዳው ላይ በናስትሮ የተጠቀለለ፣ እንደ እንቁላል ያበጠ የሽቦ ቅጥል ተንጠልጥሏል። (ናስትሮ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፦ ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ፤ የሠራተኛው ሳጥን ግን እስከ ዛሬ ጣሊያንኛ ይናገራል።)

ጋሼ፦ አየኸው? አንዱ ይሄ ነው። ፓምፑ ሲበላሽ በሰንሰለት ተጎትቶ፣ በሁለቱ ብረቶች ላይ እየተንሸራተተ እንዲወጣ ነው የተሠራው። ስትመልሰው በራሱ ክብደት ቦታው ላይ ይቀመጣል። ገመዱ እታች ከተቀጠለ ግን ማን ይፈታዋል? ሰው። ስለዚህ የፓምፑ ገመድ ከሞተሩ እስከ ላይ ድረስ አንድ ወጥ መሆን አለበት፤ ካነሰም ሙሉው ይቀየራል እንጂ አይቀጠልም። ናስትሮውም ቢሆን እርጥበት እየሳበ የገመዱን ውስጥ ውስጡን ተከትሎ ሞተሩ ድረስ ያደርሰዋል።

እኔ፦ ፓኔሉስ? እሱ እላይ ነው፣ ደረቅ ነው።

ጋሼ፦ ክፈተውና እይ። መዳቡ ጠቁሯል አይደል? እሳት እንዳይመስልህ። ሽቦው የመጣበት ቱቦ ከጉድጓዱ ቀጥ ብሎ ፓኔሉ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ለጋዙ ጭስ ማውጫ ሠርተውለታል። ጋዙ መዳብም ብርም ይበላል፤ ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋው ኮንታክተርና እሱን የሚያዘው ሪሌይ መገናኛ ጫፋቸው ደግሞ ብር ያለበት ነው። ያውም ሚቴን ወጥቶ እዚህ ሳጥን ውስጥ ቢጠራቀም፣ ኮንታክተር በገባና በወጣ ቁጥር ብልጭታ አለው። ፓኔሉን ከዚህ ክፍል አውጥቼ ኮሪደሩ ላይ፣ አየር ባለበት እሰቅለዋለሁ። መንገድ ላይ ደግሞ አየር የሚያገኝ መገናኛ ሳጥን አስገባለሁ፤ ከጉድጓድ የሚመጣው ሁሉ እዚያ ያበቃል፤ ቱቦውም ጋዝ በማያሳልፍ ማሸጊያ ይደፈናል። ፓምፑን የሚቀይር ሰው ገመዱን የሚፈታው እዚያ ሳጥን ላይ፣ ቆሞ ነው።

እኔ፦ አሁን ወደ ፍሎቱ እንምጣ። ያኛው ባለሙያ ያለን እውነት ነው፤ አንዳንዴ ይያዛል። ዳይሬክት ብናደርገው ምን ይጎዳል? ሁሌ ይሽከረከር።

ጋሼ፦ የሚያቀዘቅዘው እኮ የተነከረበት ውሃ ነው። ውሃውን ጨርሶ ባዶውን ሲሽከረከር ይግላል፣ የውሃ መከላከያ ማኅተሙ ይቃጠላል፣ ከዚያ ውሃ ሞተሩ ውስጥ ነው። ፍሎት የሚይዘውን ታውቃለህ? ከየቤቱ የወጥ ዘይት፣ አተላ፣ የሕፃን ዳይፐር። ቅባቱ ግግር ሆኖ ፍሎቱን ከግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። መድኃኒቱ ፍሎቶቹን ፍሳሹ ከሚወርድበት አርቆ፣ ከላይ ተስቦ በሚወጣ አንድ ብረት ላይ ማሰር ነው። ሲቆሽሹ ብረቱን ይዘህ ታወጣለህ፣ ታጥባለህ፣ ትመልሳለህ። ማን ወረደ? ማንም።

እኔ፦ ወረቀትዎ ላይ ግን አራት ፍሎት ጽፈዋል። ያለው ሁለት ነው። ኮሚቴው «ለምን አራት?» ብሎ ያፈጥብኛል።

ጋሼ፦ ከታች ልጀምር። አንደኛው ማቆሚያ ነው፤ ፓምፑ ከውሃ ሳይወጣ በፊት ያቆመዋል። ሁለተኛው አንዱን ፓምፕ ያስነሳል። ሦስተኛው፣ አንዱ ካቃተው ሌላኛውን ይጨምርለታል። አራተኛው ምንም አያስነሳም፤ ይጮሃል። አንደኛውንና አራተኛውን ነው የቆጠቡት፤ ቢቆጥቡ ሌላ ይሻል ነበር።

እኔ፦ በመነሻውና በማቆሚያው መካከል ያለው ርቀት በዘፈቀደ ነው?

ጋሼ፦ ይቺን ጥያቄ ወደድኳት። ሞተር ሲነሳ በመደበኛው ከሚስበው አምስት፣ ስድስት እጥፍ ይስባል፤ ሙቀት ነው። አምራቹ «በሰዓት ከዚህ በላይ አታስነሱት» ብሎ ይጽፋል። 10 ጊዜ ቢል በ360 ሰከንድ አንዴ ማለት ነው። ከባዱ ሰዓት መቼ ይመስልሃል? ፍሳሹ በብዛት ሲመጣ እንዳትለኝ። ያኔ ፓምፑ አንዴ ተነስቶ ብዙ ይቆያል። ከባዱ፣ የሚገባው ፓምፑ ከሚያወጣው ልክ ግማሽ ሲሆን ነው፤ በሞላበት ፍጥነት ይጎድላል። የናንተ ፓምፕ በሰከንድ 5 ሊትር ይገፋል። 360 በ5 አባዛ፣ ለ4 አካፍል፤ 450 ሊትር። ጉድጓዳችሁ ሜትር ተኩል በሜትር ተኩል ስለሆነ 20 ሴንቲሜትር ቁመት ትሆናለች። ከዚያ ካነሰ ሞተሩን በመነሳት ብቻ ትገድለዋለህ። ሁለቱ በየተራ እንዲነሱ የምታደርግ ማፈራረቂያ ሪሌይ ስጨምር ደግሞ ለእያንዳንዱ ሸክሙ ይገመሳል።

እኔ፦ ፍሎት ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ስንት ነው?

ጋሼ፦ አሁን 220 ነው፤ ያውም ገመዱ ፍሳሽ ውስጥ ተዘፍዝፎ። አይጥ ብትበላው ወይም ቢሰነጠቅ ውሃው ራሱ ሽቦ ሆነ ማለት ነው። እኔ የፍሎቶቹን መስመር በራሱ ትራንስፎርመር ወደ 24 ቮልት አወርደዋለሁ። ሚቴን ስላለ ደግሞ 24 ብቻውን አያስተማምነኝም፤ ለፈንጂ ጋዝ ቦታ የተሠራ መከላከያ ሪሌይ አለ፤ ወደ ጉድጓዱ የሚያልፈውን ጉልበት ብልጭታው ጋዝ ማቀጣጠል እስከማይችልበት ያሳንሰዋል። የሱ ሽቦ ከሌላው ተለይቶ ይሄዳል፤ አብረህ ከጠቀለልከው ከንቱ ነው። የፓምፑ አካል፣ ሰንሰለቱ፣ ክዳኑ፣ ብረት የሆነ ሁሉ ከኧርዝ ጋር ይታሰራል። ይህን ሳትሠራ ሌላውን አትጀምር።

ፓኔሉ ውስጥ ተጠቅልለው የተተዉ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ነበሩ። ትርፍ ይመስሉኝ ነበር።

ጋሼ፦ ትርፍ? ሞተሩ የሚናገርበት ምላስ ነው፤ ቆርጠው ጣሉት። ከሞተሩ ጥቅል ውስጥ የሙቀት ማብሪያ አለ፤ ሲግል ይከፈታል። ሁለቱ ሽቦዎች ከኮንታክተሩ መስመር ጋር በተከታታይ ቢገቡ ኖሮ ሞተሩ ሳይቃጠል ይቆም ነበር። ሲበርድ ደግሞ በራሱ እንዳይነሳ አደርገዋለሁ፤ ሰው መጥቶ ምክንያቱን አይቶ ያስነሳው። አሁን ደግሞ ሞተሩ ከልኩ በላይ ሲስብ የሚቆርጠውን ኦቨርሎድ እየው። የሞተሩ ሰሌዳ 3.6 አምፔር ይላል፤ ኦቨርሎዱ 6 ላይ ተጎትቷል።

እኔ፦ በየጊዜው እየጣለ ስላስቸገረ ነው፤ ፊት የመጣው ሰው ነው ያስተካከለው።

ጋሼ፦ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ቴርሞሜትሩን ሰብረህ እንደማዳን። አንደኛው ፓምፕ ጨርቅ ተጠምጥሞበታል፤ 5 አምፔር እየሳበ ሰንብቶ ተቃጥሏል። መቼ እንደሞተ አታውቁም፤ ምክንያቱም የሚነግራችሁ መብራት የለም። ለወራት ባንድ ፓምፕ ነበራችሁ።

እኔ፦ እሺ፣ ሁለተኛውስ? ያን ሌሊት አልሠራም፤ ጠዋት ግን ማንም ሳይነካው ጉድጓዱን አደረቀው። «ምንም የለውም» የተባልነው ለዚህ ነው።

ጋሼ፦ ያን ሌሊት መብራት ነበር?

እኔ፦ አልነበረም። ጄነሬተር ላይ ነው ያደርነው።

ጋሼ፦ ሊፍቱ ይሠራ ነበር?

እኔ፦ ሊፍቱማ ጄነሬተሩ ሰኔ ላይ ከተጠገነ ወዲህ በጄነሬተር አይሠራም። አቅም አንሶት ነው ብለን ትተነዋል።

ጋሼ ሳቁ። ከቦርሳቸው የፌዝ ቅደም ተከተል የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ አወጡ፤ በመብራት ኃይል ለኩ፤ ወደ ቀኝ። ጄነሬተሩን አስነሱና ለኩ፤ ወደ ግራ።

ጋሼ፦ ጠግነው ሲመልሱት ሁለት ሽቦ አቀያይረዋል። ሊፍቱ ፌዝ የሚቆጣጠር ሪሌይ ስላለው ተገልብጦ ሲመጣበት እምቢ ብሎ ቆመ፤ እናንተ ሰነፍ አላችሁት። ፓምፑ ግን እምቢ የሚልበት የለውም፤ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ኋላ ሲሽከረከር አደረ። ወደ ኋላ ሲዞርም ትንሽ ይገፋል፤ ድምፁም አለ፤ ብሬከርም አይጥልም፤ ፍሳሹን ግን ወደ መንገዱ ቱቦ ለማውጣት አቅም አያገኝም። ጠዋት መብራት መጣ፣ ወደ ትክክለኛው ዞረ፣ አደረቀው።

እኔ፦ ታዲያ ፓምፑ ላይ ሁለቱን ሽቦ ይገልብጡልን።

ጋሼ፦ ለጄነሬተር ይስተካከላል፣ ለመብራት ኃይል ይበላሻል። የሚስተካከለው የተበላሸው ቦታ ነው፤ ጄነሬተሩ ላይ። ከዚያ ለፓምፑም እንደ ሊፍቱ ያለ ሪሌይ እጨምርለታለሁ። መብራት ሲመጣ አንዱ ፌዝ ቀርቶ ሁለቱ ብቻ የሚመጡበት ቀን አለ፤ ብዙ ሞተር በዚያ ያልቃል፤ ሪሌዩ እሱንም ይይዛል። ኮንታክተሩንም አንድ ቁጥር ከፍ አድርጌ ነው ያዘዝኩት። ካታሎግ ላይ ያለው አምፔር እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው የሚሠራው፤ አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀቱን እንደልብ አይወስድም።

እኔ፦ ቆይ ጋሼ፤ ሪሌዩ ፓምፑን ካቆመው እኮ ጉድጓዱ ያው ይሞላል።

ጋሼ፦ ይሞላል! ለዚህ ነው አራተኛውን ፍሎት የለመንኩህ። ይሄ ሁሉ መከላከያ ሞተሩን ያድናል እንጂ ምድር ቤትህን አያድንም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ሲጮህልህ ነው። ደወሉ ከፓምፑ ብሬከር ላይ አይወስድም፤ የራሱ መስመርና የራሱ ባትሪ ይኖረዋል፤ አለበለዚያ ብሬከሩ የጣለ ዕለት ደወሉም አብሮ ይተኛል። ሽቦውም ተገላቢጦሽ ነው። ሁሉ ደህና ሲሆን ዑደቱ ዝግ ነው፤ ውሃ ሲያነሳው ይከፈታል፤ አይጥ ስትቆርጠውም ይከፈታል፤ በተከፈተ ቁጥር ይጮሃል። የተቆረጠ ሽቦ ዝም የሚል ከሆነ ደወል የለህም።

እኔ፦ በፊትም ደወል ነበር አሉ። ዘበኛው እንቅልፍ ሲነሳው ሽቦውን በጠሰው።

ጋሼ፦ አልፈርድበትም። ማጥፊያ ያልሰጡትን ደወል ማን ይችለዋል? ድምፁን የሚያጠፋ ቁልፍ እሰጠዋለሁ፤ ቀዩ መብራት ግን ውሃው እስኪወርድ አይጠፋም። ደወሉም እዚህ ምድር ቤት አይደለም የሚሰቀለው፤ እሱ ቤት በር ላይ ነው። በር ላይ የማን ስልክ እንደሚደወል ይጻፍ። በእጅ ማስነሻውም ሲለቁት የሚመለስ ይሁን፤ አንዱ «ማንዋል» ላይ ትቶት ከሄደ ያው ዳይሬክት ነው።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሼ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ጓጉንቸሩን ፈቱ። በጎማ ንጹሕ ውሃ ለቀቅን። አዲሱ ፓምፕ ተነሳ፣ ቆመ፤ ቀጥሎ ሌላኛው ተነሳ፣ ቆመ። ሁለቱንም አጥፍተን ውሃውን ስንለቀው አራተኛው ፍሎት ቀና አለ፤ ዘበኛው ከላይ ሮጦ ወረደ። ከዚያ የፍሎቱን አንድ ሽቦ መገናኛው ሳጥን ላይ ፈቱት፤ እንደገና ጮኸ። ዋናውን ኃይል ቆርጠን ጄነሬተር ላይ ደገምነው። ሊፍቱም ሠራ። ኮሚቴው ውስጥ ስለ አራቱ ፍሎት የጠየቀኝ የለም፤ ስለ ሊፍቱ ግን ሦስት ሰው ስልክ ደውሎ አመሰገነኝ።

የእናንተም ሕንፃ ሊፍት ጄነሬተር ሲነሳ እምቢ የሚል ከሆነ፣ የሊፍት ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት ምድር ቤት ያለው ፓምፕ ወደየት እንደሚዞር አስለኩ።